ማሽኑ ጡረታ አይወጣም፤ ሰዎቹስ?

ወዳጆች፣ ዛሬ ረዘም ያለ ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። የኮምፒውተር ታሪክ ነው፤ ግን ኮምፒውተር የማይወድ ሰውም ይገባዋል፣ ምክንያቱም ዞሮ ዞሮ ጉዳዩ የሰው ጉዳይ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሥራ ሲሠራ የኖረ ሰው «በቃኝ» ማለት ያለበት መቼ ነው?

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

1. ሦስት ጊዜ ጡረታ የወጡት ሴት

ኦገስት 14 ቀን 1986 ቦስተን ወደብ ላይ፣ ኮንስቲትዩሽን በምትባል ጥንታዊ የጦር መርከብ ላይ አንድ የጡረታ ሽኝት ተደረገ። ተሸኚዋ ሪር አድሚራል ግሬስ ሆፐር ናቸው። ዕድሜያቸው 79። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ሥራ ላይ ከነበሩት መኮንኖች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ነበሩ።

የሚገርመው ግን ጡረታ ሲወጡ ይሄ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ሆፐር የሒሳብ መምህርት ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማስተማሩን ትተው ባሕር ኃይል ገቡና ሃርቫርድ ውስጥ ማርክ 1 የሚባለው ግዙፍ የስሌት ማሽን ላይ ተመደቡ። በ1952 ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ሠሩ። ያኔ ብዙ ሰው «ኮምፒውተር ሒሳብ እንጂ ቃል አይገባውም» ይል ስለነበር ሐሳባቸውን ቶሎ የተቀበላቸው የለም። እሳቸው ግን የሒሳብ ምልክት የማያውቅ የቢሮ ሠራተኛም ኮምፒውተርን ማዘዝ አለበት ብለው ገፉበት።

በ1959 ፔንታጎን ውስጥ የመንግሥትና የኩባንያ ሰዎች ተሰብስበው ለንግድና ለአስተዳደር ሥራ አንድ የጋራ የኮምፒውተር ቋንቋ እንዲኖር ተስማሙ። ኮቦል የሚባለው ቋንቋ ከዚያ ተወለደ። ሆፐር ብቻቸውን አልፈጠሩትም፤ የኮሚቴ ሥራ ነው። ግን መሠረቱ ከሳቸው የቀደመ ሥራ የተወሰደ ስለሆነ ብዙ ሰው «የኮቦል እናት» ይላቸዋል።

በ1966 መጨረሻ፣ 60 ዓመት እንደሞላቸው፣ ባሕር ኃይሉ ጡረታ አወጣቸው። ሰባት ወር ቆይቶ፣ ኦገስት 1967 ላይ፣ «ይመለሱልን» አላቸው። ለስድስት ወር ብቻ ነበር የተባለው። ምክንያቱም ኮቦል በየማሽኑ ላይ ትንሽ ትንሽ እየተለያየ ነገሩ ስለተዘበራረቀ፣ አንድ የሚያደርገው ሰው ጠፋ። ስድስት ወሩ ዓመታት ሆነ። በ1971 እንደገና ጡረታ ወጡ። በ1972 እንደገና ተጠሩ። የመጨረሻው እንግዲህ ያ የመርከቡ ሽኝት ነው። እሱም ቢሆን መጨረሻ አልሆነም፤ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የሚባል የኮምፒውተር ኩባንያ አማካሪ አድርጎ ቀጠራቸው። በጃንዋሪ 1 ቀን 1992፣ በ85 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ከሥራ አልተለዩም።

ይሄ ታሪክ ሁሌ የሚነገረው እንደ ብርታት ታሪክ ነው። ብርታትማ ነው። እኔ ግን ሳነበው የሚመጣብኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ያን የሚያህል ባሕር ኃይል ጡረታ ያወጣቸውን ሴት መልሶ እስኪጠራ ድረስ ሌላ ሰው ለምን አጣ? ይሄን ጥያቄ ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

2. ጡረታ እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራ ማሽን

መጀመሪያ ግን ሜይንፍሬም ምንድነው? ጠረጴዛችን ላይ እንዳለው ኮምፒውተር አይደለም። የአንድ አገር ባንክ፣ የአንድ አየር መንገድ፣ የአንድ ግብር መሥሪያ ቤት ሙሉ ሒሳብ የሚያልፍበት ትልቅ ማሽን ነው። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ገንዘብ ሲያወጣና ሲያስገባ አንድ ሳንቲም እንዳይጠፋ ታስቦ የተሠራ ነው። ቀን ቀን ደንበኛ ያስተናግዳል፤ ማታ ማታ ደግሞ ወለድ ያሰላል፣ ደሞዝ ይከፍላል፣ የቀኑን ሒሳብ ይዘጋል። ባች ይሉታል ይሄን የሌሊት ሥራ። ሌሊት አንድ ነገር ከተበላሸ ጠዋት ባንኩ አይከፈትም። ስለዚህ ስልኩ ትራሱ ሥር የሚያድር ሰው ያስፈልጋል።

ታሪኩ የሚዞረው ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ላይ ነው። በዚያን ቀን አይቢኤም ሲስተም 360 የሚባሉ የኮምፒውተሮች ቤተሰብ አስተዋወቀ። ከዚያ በፊት አንድ ድርጅት ትልቅ ማሽን ሲገዛ የድሮ ፕሮግራሞቹን ከዜሮ መጻፍ ነበረበት። የአይቢኤም የራሱ ማሽኖች እንኳን እርስ በርስ አይግባቡም ነበር። የኩባንያው መሪ ቶማስ ዋትሰን (ልጁ፣ ጁኒየሩ) ይሄን ለማስቀረት ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር አስመደቡ። የኩባንያው የዓመት ገቢ ራሱ ይህን አይሞላም ነበር። ቁማር ነው በሉት።

ቃል ኪዳኑ ቀላል ነበር፦ ለትንሹ ማሽን የጻፍከው ፕሮግራም በትልቁም ላይ ይሠራል፣ ነገ በሚወጣው ማሽን ላይም ይሠራል። አይቢኤም ይሄን ቃል ከ60 ዓመት በላይ ጠብቆታል። በ1960ዎቹ ለሲስተም 360 የተጻፈ ፕሮግራም ዛሬ በሚሸጠው የኩባንያው ሜይንፍሬም ላይ መሥራት ይችላል።

የዚህን ውጤት ልብ በሉ። ብረቱ በየጊዜው ይቀየራል፤ አዲስ ነው፣ ፈጣን ነው። ፕሮግራሙ ግን ይቀራል። ጸሐፊው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይሸብታል፣ ጡረታ ይወጣል፣ ይሞታል። የጻፈው መስመር ግን ማታ ማታ ይሠራል። ሮይተርስ በ2017 ባወጣው ዘገባ አሜሪካ ውስጥ 43 በመቶ የሚሆነው የባንክ ሲስተም በኮቦል የተሠራ መሆኑን፣ ከኤቲኤም እንቅስቃሴ ደግሞ 95 በመቶው በኮቦል ኮድ እንደሚያልፍ ጽፏል። ካርድ ከተው ብር የሚያወጡ ወጣቶች የአያታቸው እኩያ ከሆነ ፕሮግራም ጋር ነው የሚነጋገሩት።

ማሽኑ እንዳያረጅ ተደረገ። ሰዎቹ እንዳያረጁ ያደረገ ግን የለም።

3. «ሞቷል» የተባለው ዘመን

በ1991 ስቱዋርት አልሶፕ የሚባል የታወቀ የኮምፒውተር ጋዜጠኛ አንድ ትንቢት ጻፈ፦ የመጨረሻው ሜይንፍሬም ማርች 15 ቀን 1996 ከሶኬት ይነቀላል አለ። ቀኑን ሳይቀር ቆርጦ ነው የተናገረው። በጊዜው የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ፒሲ ሁሉንም ቢሮ እየወረረ ነበር። አይቢኤም በ1993 ብቻ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ብዙ ሺህ ሠራተኛም ተቀነሰ። ቀኑ ደረሰ፤ ሜይንፍሬሙ ሥራውን ቀጠለ። አልሶፕም በኋላ መሳሳቱን በይፋ አምኗል።

ትንቢቱ ማሽኑን አልገደለውም፤ የገደለው ሌላ ነገር ነው። ወላጅ ልጁን ሊሞት ነው ወደተባለ ሙያ አይልክም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮቦልን ከሥርዓተ ትምህርታቸው አወጡት። ወጣቱ ወደ ፒሲ፣ ከዚያ ወደ ኢንተርኔት ሄደ፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ሜይንፍሬም ክፍል ውስጥ የቀሩት በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተቀጠሩት ናቸው። ከኋላቸው መግባት የነበረበት ትውልድ በሩ ላይ ሳይደርስ ቀረ። ክፍተቱ የተፈጠረው ያኔ ነው።

4. የ2000 ጥሪ

ቀጥሎ የመጣውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ዋይቱኬ። በድሮ ጊዜ የኮምፒውተር ማስታወሻ በጣም ውድ ነበር። መረጃ የሚገባበት የተበሳ ካርድ 80 ቦታ ብቻ ነበረው። ስለዚህ ፕሮግራመሮች 1967 ለማለት 67 ብለው ጻፉ። ሁለት ቦታ ተረፈ። ችግሩ 00 ሲመጣ ማሽኑ 1900 ይሁን 2000 አያውቅም። በ1935 የተወለደ ሰው በ2000 ዕድሜው ቢሰላ 65 መሆኑ ቀርቶ ከዜሮ በታች 35 ሊወጣ ይችላል። ጡረታው እንዴት ይታሰብለት?

ይሄን አስቀድመው ያስጠነቀቁ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ቦብ ቤመር ናቸው፤ ኮቦልም ላይ የሠሩ፣ ዛሬ ኮምፒውተሮች የላቲን ፊደል ለሚጽፉበት የቁጥር አሠራር ትልቅ ድርሻ ያላቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጽፈው ተናግረዋል። የሰማ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሰባውን ካለፉ በኋላ፣ ለዚያው ችግር መፍትሔ የሚሠራ ድርጅት ይዘው ብቅ አሉ።

ቤመር ብቻ አይደሉም። ባንኮችና መንግሥታት ያሰናበቷቸውን፣ «ጊዜያችሁ አልፏል» ያሏቸውን ሽማግሌዎች እየደወሉ ጠሩ። ጋርትነር የተባለው የጥናት ድርጅት የዓለሙን ወጪ ከ300 እስከ 600 ቢሊዮን ዶላር ገምቶት ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 መጣ፤ በኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። የኛ ሚሊኒየም ገና ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይቀረው ነበር። ዓለም አልተገለበጠም። ሰውም «ያን ሁሉ ያወራችሁት ውሸት ነው» አለ። ሥራው በደንብ ስለተሠራ ምንም አልታየም፤ ምንም ስላልታየ ደግሞ ሥራ እንዳልተሠራ ተቆጠረ። የጥገና ሙያ ዕጣ ፈንታው ይሄ ነው። ሽማግሌዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ በእነሱ ቦታ የሚተካ ወጣት የማሠልጠን ነገር እንደገና ተረሳ።

5. የጋሼ ሒሳብ

አሁን ወደ አንድ ሰው ልምጣ። አጎቴ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን ወጡ። አሜሪካ ገብተው ሌሊት መኪና ማቆሚያ እየሠሩ ቀን ኮቦል ተማሩ። በ1988 አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ቀጠራቸው፤ እስከዛሬ እዚያው ናቸው። ሲገቡ ክፍሉ ውስጥ 14 ሰው ነበር። አሁን ሦስት ቀርተዋል። ጋሼ 65 ሞልቷቸዋል።

በስልክ ስናወራ የሚያወሩልኝ ሒሳብ አለ። እዚያ አገር የጡረታ ዕድሜ አንድ አይደለም፣ በር በር ነው። የመጀመሪያው በር 62 ነው፦ መውጣት ይቻላል፣ ግን በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው ወርኃዊ ክፍያው 30 በመቶ ይቀንሳል፣ ዕድሜ ልክ። ሁለተኛው 65 ነው፦ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ይጀምራል። ብዙ ሰው እስከዚያ የሚቆየው የመሥሪያ ቤቱን የጤና መድን እንዳያጣ ነው። ሦስተኛው 67 ነው፦ ሙሉው ክፍያ። ለሚታገሥ ደግሞ ከዚያ እስከ 70 በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨመርለታል።

አርባ ዓመት ሒሳብ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ይሄን ማስላት አያቅታቸውም። ጋሼን የያዛቸው ግን ገንዘቡ አይደለም። ሊወጡ ባሰቡ ቁጥር አለቃቸው «አዲሱ ሲስተም እስኪገባ አንድ ዓመት ብቻ» ይላቸዋል። አዲሱ ሲስተም ሁለት ጊዜ ተጀምሮ ሁለት ጊዜ ቆሟል። አንድ ጊዜ እንዲህ አሉኝ፦ «ፕሮግራሙን ማንበብማ ማንም ይማረዋል። እኔ የማውቀው ለምን እንደዚያ ተብሎ እንደተጻፈ ነው። በ1994 በአንድ ክፍለ ሀገር ሕግ ተቀየረ፣ አንድ መስመር ጨመርን። የተነጋገርንበት ስብሰባ የተጻፈ አይደለም። ከነበርነው ሦስቱ ሞተዋል።»

ይሄ ነው የነገሩ ክብደት። እነዚህ ሰዎች የሚወጡበትን ቀን ሲመርጡ የራሳቸውን ቀን ብቻ አይደለም የሚመርጡት።

አንድ ግጥምጥሞሽ ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ የጡረታ ሕጉን፣ ሶሻል ሴኩሪቲን፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት ኦገስት 14 ቀን 1935 ነው። አድሚራል ሆፐር ለመጨረሻ ጊዜ የተሸኙት ልክ በ51ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን ነው። ያ ሕግ ሲወጣ ወደ 26 ሚሊዮን የሚሆኑ ሠራተኞችን መመዝገብ ግድ ሆነ፤ ይሄን በእጅ የሚችል አልነበረም። የአይቢኤም የካርድ ማሽኖች ገቡ። የመጀመሪያውን ወርኃዊ የጡረታ ቼክ የወሰዱት አይዳ ሜይ ፉለር ናቸው፦ ጃንዋሪ 31 ቀን 1940፣ 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም። በሦስት ዓመት ውስጥ የከፈሉት 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። 100 ዓመት ኖረው ወደ 22,889 ዶላር ወስደዋል። ያ መሥሪያ ቤት ዛሬ ከ60 ሚሊዮን መስመር በላይ ኮቦል ላይ ተቀምጧል። ማለትም የጋሼን ጡረታ የሚያሰላው ራሱ ኮቦል ነው፤ እሱን የሚጠግነው ሰውም «እኔስ መቼ ልውጣ?» እያለ ሳይሆን አይቀርም።

6. ሳይተኩ ሲሄዱ

በኤፕሪል 2020 በኮሮና ምክንያት ብዙ ሚሊዮን አሜሪካዊ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈታ። የሥራ አጥ ድጎማ ለመጠየቅ ሰው ጎረፈ። የኒው ጀርሲው ገዥ ፊል መርፊ በመግለጫ ላይ ወጥተው ኮቦል የሚችሉ በጎ ፈቃደኞች እንዲረዷቸው ጠየቁ። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ሲስተም ሊያዘልቃቸው እንዳልቻለ ተናገሩ። በጎ ፈቃደኛ ሆኖ የሚቀርበው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ኮቦል የሚችለው አብዛኛው ሰው በዕድሜ የገፋ ነው። በዚያ ወቅት ደግሞ ቤት ውስጥ ተጠንቅቆ መቆየት ያለበት ይኸው ሰው ነበር።

ነገሩ ሌላ ጎንም አለው። ማር ሂክስ የተባሉ የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊ እንዳስረዱት የተሰበረው በአብዛኛው አሮጌው ኮቦል አይደለም፤ ከፊቱ የተገጠመው አዲሱ ድረ ገጽ ነው። አሮጌው ላይ የደረሰው ችግር የጥገና በጀትና ሠራተኛ ለዓመታት ሲቆረጥበት መኖሩ ነው። ማሽኑ ተወቀሰ፤ ሰውን የቀነሰው ውሳኔ ግን አልተነሣም።

«ታዲያ ለምን አይቀይሩትም?» ትሉ ይሆናል። ተማሪዎቼም ሁሌ የሚጠይቁኝ ይሄንን ነው። ይቀየራል። የአውስትራሊያው ኮመንዌልዝ ባንክ ቀይሮታል፤ አምስት ዓመትና ከ1 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ፈጅቶበት። የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ ደግሞ በኤፕሪል 2018 ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚሆኑት ሒሳባቸውን ማየት አቃታቸው። የባንኩ ኃላፊ በዚያው ዓመት ለቀቁ፤ በ2022 ባንኩ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። መቀየርም እንደ መጠገን ሁሉ አሮጌውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። አሮጌው ቤት ግድግዳው ውስጥ የውሃ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ሳታውቅ አታፈርሰውም።

አሁን ደግሞ «ኤአይ አለ አይደል? እሱ ያነበዋል» ይባላል። እውነት ነው፤ ኮዱን አንብቦ ምን እንደሚሠራ ይነግርሃል። ያ መስመር በ1994 ለምን እንደገባ ግን ኮዱ ውስጥ ካልተጻፈ ከየት ያመጣዋል?

7. የብሩክስ ትምህርት

ሲስተም 360ን ከሠሩት ሰዎች አንዱ ፍሬድ ብሩክስ ናቸው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ነበሩ። ማሽኑ በተዋወቀበት በ1964፣ በ33 ዓመታቸው፣ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍልን መሠረቱ። ከኢንዱስትሪው ጫፍ ላይ ሆነው ማስተማርን መረጡ። እስከ 80ዎቹ ዕድሜያቸው ድረስ ሲያስተምሩ ኖረው በ2022 አረፉ።

በ1975 ባወጡት መጽሐፍ ውስጥ አንድ የታወቀ ሐሳብ አለ፦ የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው ብትጨምር ይበልጥ ይዘገያል። ለምን ቢባል፣ አዲስ የመጣውን ማስተማር ያለበት ያው ሥራውን የሚያውቀው ሰው ነው። እሱ ሲያስተምር ሥራው ይቆማል።

ይሄን ወደ ጡረታ አምጡት። አንድ መሥሪያ ቤት አዋቂው ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ለእነዚህ ልጆች አስረክብ» ቢለው ዋጋ የለውም። አርባ ዓመት በሁለት ሳምንት አይተላለፍም። ርክክብ ሰነድ መፈረም አይደለም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ችግር ላይ አብረው ብዙ ሌሊት ማምሸት ነው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይሄ ይገባዋል። የኔታ እውቀታቸውን ሲያስተላልፉ ተማሪው ሥራቸው ቁጭ ብሎ ዓመታት ነው የሚከርመው። ሊሞቱ ሲሉ ወረቀት ሰጥተውት አይደለም።

አሁን መጀመሪያ ወዳቆየሁት ጥያቄ እንመለስ። ባሕር ኃይሉ ሆፐርን ደጋግሞ የጠራው በቂ ሰው ቀድሞ ስላላዘጋጀ ነው ባይ ነኝ። እሳቸው ራሳቸው ግን ይሄን ያውቁ ነበር። ከተመለሱ በኋላ ብዙውን ጊዜያቸውን ወጣት በማሠልጠንና በየአዳራሹ በማስተማር ነው ያሳለፉት። ኤሌክትሪክ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ሊሄድ የሚችለውን ርቀት ለማሳየት 30 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ለታዳሚው ያድሉ ነበር። ከሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ ትልቁ የትኛው እንደሆነ ሲናገሩም ከዚያ ታዋቂ ፕሮግራማቸው እኩል የሚያነሡት ወጣቶችን ማሠልጠናቸውን ነው። በመጨረሻው ሽኝት ላይ ቀና ብለው መሄድ የቻሉትም ለዚህ ይመስለኛል። ሥራው አላለቀም፣ ግን ተረካቢ ነበረው።

8. እንግዲህ መቼ?

የኔን ሐሳብ ልናገር። የጡረታ ትክክለኛው ቀን 62ም፣ 67ም፣ 70ም አይደለም። ትክክለኛው ቀን የምታውቀውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለ በኋላ የሚመጣው ቀን ነው።

ግን ይሄን ብዬ ሸክሙን በሽማግሌው ትከሻ ላይ መጣል አልፈልግም፤ ይሄ ግፍ ነው። ተተኪ መቅጠር፣ ጊዜ መስጠት፣ ደሞዝ መክፈል የሠራተኛው ሥልጣን አይደለም። ብዙ ድርጅት ሃያ ዓመት ሙሉ ወጣት ሳይቀጥር ኖሮ፣ በመጨረሻ አዛውንቱን «አንተ ከሄድክ እንወድቃለን» ብሎ በይሉኝታ ያስረዋል። ይሉኝታ ደግሞ እኛ ሐበሾችን እንዴት እንደሚይዘን ታውቃላችሁ። ሰው ጤናው ሳይታወክ፣ ጉልበቱ ሳያልቅ ከልጅ ልጆቹ ጋር የመቀመጥ መብት አለው። የድርጅቱ ስንፍና የሱ ዕዳ አይደለም።

ስለዚህ ለሽማግሌው የምለው ይሄን ነው፦ ቀንህን ቁረጥ፣ ግን ቀደም ብለህ ቁረጥ፤ ሁለት ዓመት ሲቀርህ በጽሑፍ ተናገር። «ቆይልን» ሲሉህ ጭማሪ አትጠይቅ፣ ሰው ጠይቅ። ጋሼ ይሄን አድርገዋል። ደሞዝ እንጨምርልህ ሲሏቸው «ሁለት ወጣት ለአሥራ ስምንት ወር ስጡኝ» አሉ። አንድ ሰጧቸው። አንድ ሃያ ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ። ስለሷ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ጥያቄ ትጠይቃለች ይላሉ። ካሁን በኋላ የሚቆጥሩት የጡረታውን በር አይደለም፤ ልጅቷ ብቻዋን የፈታችውን ሌሊት ነው።

ለመሥሪያ ቤቶች የምለው ደግሞ፦ ሰውየው የሚወጣበትን ቀን የምታውቁት ገና ሲቀጠር ነው። የልደት ቀኑ ፋይሉ ውስጥ አለ። ድንገተኛ ነገር የለውም።

እኛስ? አገራችን ውስጥ የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ሜይንፍሬምም ብዙ አላየንም። ግን ነገሩን እናውቀዋለን። መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ የድሮ ፋይል ስትጠይቁ «እሱን የሚያውቁት እትዬ ነበሩ፣ ጡረታ ወጥተዋል» ያልተባለ ማን አለ? መዝገብ ቤቱ አለ፣ መደርደሪያው አለ፣ ፋይሉም አለ። የጠፋው የት እንደሚገኝ የሚያውቀው ራስ ነው። አሁን ደግሞ ባንኮቻችን፣ ቴሌው፣ ግብሩ ሁሉ ሶፍትዌር ላይ ወጥቷል። ዛሬ እነዚህን ሲስተሞች የሚያንቀሳቅሱት ወጣቶች ናቸው፤ የሠላሳና የአርባ ዓመት ልጆች። ስለ ጡረታ የሚያስብ የለም። በ1964ም እንደዚያ ነበር፤ ብሩክስ 33 ዓመታቸው ነበር።

ስለዚህ ጥያቄውን ለእናንተ ልተወው። እናንተ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነገ ቢወጣ ሥራው የሚቆምበት ያ አንድ ሰው ማን ነው? ከሱ ጎን ቁጭ ብሎ የሚማርስ አለ? ስም አትጻፉ፣ ሥራውን ብቻ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። ሰውየው እናንተው ከሆናችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት አንድ ልጅ ጠርታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ።

መልካም ሳምንት።